የተገዘተው ክር

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቴ ጋቢ አለበሰኝ። ጋቢው ጥሩ ጋቢ ነው፤ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ዛሬም ለብሼዋለሁ። ኃላፊያችን፣ ልጄ ሊሆን የሚችል ጎልማሳ፣ ተነሣና «የአካባቢያችንን ድምፅ ጠብቀው ያቆዩልን እናት» እያለ ንግግር አደረገ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ከዚያ «ለእትዬ ክብር ሲባል የድሮ ሥራቸውን እናሰማችኋለን» አለና ኮምፒውተሩ ዘንድ ለተቀመጠው ልጅ በእጁ ምልክት ሰጠ።

መጀመሪያ ኦርጋን መጣ። ቀጥሎ ከበሮ፣ ያ ማንም ሳይመታው ከሳጥን የሚወጣው ከበሮ። በዚያ ላይ የይባቤ ድምፅ መጣ። አፈር ከለበሰ ዘመን የሆነው ሰው፣ ለስላሳ በሚጠጡና ዳቦ በሚያኝኩ ሰዎች መካከል ይዘፍናል። ብድግ ብዬ ወጣሁ። ጋቢውን ወረወረችው ብለው ያወሩት ሐሰት ነው። በሩን ግን በኃይል ዘግቼዋለሁ።

ግማሹ «ደስታው በዝቶባት ነው» አለ አሉ። ግማሹ ደግሞ «ድሮም ቁጡ ናት» አለ። ሁለተኛው ይሻላል። ለምን እንደወጣሁ መጥቶ የጠየቀኝ ሰው ግን የለም። እንግዲህ ሳልጠየቅ ልናገራ!

እኔ የእስቴ ልጅ ነኝ። ሥራ የያዝኩት እዚያው መካነ ኢየሱስ ነው፤ ታይፕ እመታ ነበር። መንግሥት ተለውጦ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ሲፈርስና ሲሠራ ወደ ንፋስ መውጫ አዛወሩኝ፣ ባህልና ማስታወቂያ ወደሚባለው። እዚያ ስደርስ ታይፑን ሌላ ሴት ይዛዋለች። «በይ አንቺ ከሞላ ጋር ድምፅ ክፍል ግቢ» አሉኝ። ድምፅ ክፍል የሚሉት የድሮ የእህል መጋዘን ነው። ደሞዙን አታንሱብኝ።

አያ ሞላ የቀድሞው ጦር የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኛ ነበር። ጦሩ ሲበተን ሌላው መሣሪያውን ይዞ ሲመጣ እሱ መፍቻና መበየጃውን ይዞ በእግሩ አገሩ ገባ። አጭር፣ ጠይም፣ ከሰው ይልቅ ከሽቦ ጋር ማውራት የሚቀናው ሰው። የመጀመሪያ ቀን ስገባ ቀና ብሎም አላየኝ።

«አጨብጭቢ» አለኝ።

«ምን አሉ?»

«እጅ የለሽም እንዴ? አጨብጭቢ!»

አጨበጨብኩ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። «አየሽ፣ ግድግዳው መለሰልሽ። ግድግዳ የሚመልስ ቤት ውስጥ ድምፅ አይቀዳም» አለኝ። በማግስቱ ከየቤቱ ባና እየለመንን ግድግዳውን ማልበስ ጀመርን። ባና ያልነበረው ሰው ደበሎ ሰጠን። በቆርቆሮው ላይ ጭድ በጆንያ እየሞላን ደረደርንበት፤ የንፋስ መውጫን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። ክረምት ሲገባ ክፍሉ በግ በግ ይሸት ነበር። ግን ስታጨበጭቡ ምንም አይመልስላችሁም።

ሥራውን ያስተማረኝ እንዲህ እያለ ነው። የቴፑ ክር የሚነካውን የመቅጃ ማሽኑን አፍ ጠዋት ጠዋት ሳይጠርግ ሥራ አይጀምርም። የመጥረጊያው አልኮል ከዞን ሳይመጣ ሲቀር በዳግም አረቄ ይጠርገዋል፤ ጥጡን ነከር አድርጎ «ለማሽኑ አንድ፣ ለሞላ አንድ» ይልና የራሱን ድርሻ ይጎነጫል። ጀነሬተሩ ድምፅ ውስጥ ይገባል ብሎ በመኪና ባትሪ ነበር የሚቀዳው። ቀድቶ ሲጨርስ ደግሞ ጥሩ ነው መጥፎ ነው አይልም። ዘፋኙ አፉን ከፍቶ ሲጠብቀው «ይደር» ይለዋል። በቃ፣ ይደር! በማግስቱ ጠዋት ማንም ሳያናግረው፣ ቁርስም ሳይቀምስ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ያዳምጣል። «ዛሬ የሰማሽው ፍቅርሽን ነው። ያደረ ጆሮ ግን አያዳላም» ይለኝ ነበር። እኔም ከዚያ ወዲህ በሰውም በነገርም ሳላሳድር አልፈርድም፤ ከአንድ ነገር በቀር።

አራቱ ዘፋኞች የመጡት ከአዝመራ በኋላ ነው። ክራር የላቸው፣ ማሲንቆ የላቸው፣ ዱላቸውን በር ላይ አስደግፈው ተደርድረው ቆሙ። ይባቤ ከስማዳ፣ ከወገዳ በታች፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ድምፁ ቀጭን። ሁለት ወንድማማቾች እዚያው ከጋይንት። አራተኛው ልሳነወርቅ፣ የቤተ ልሔም አካባቢ ልጅ፤ ግንባሩ ሰፊ፣ የሚናገረው ከስንት አንዴ። አራቱም በልጅነታቸው ቤተ ልሔም ድጓ ሲማሩ አብረው ቆሎ የለመኑ ናቸው። ትምህርቱን ሳይጨርሱ ትተው ወደ እርሻ ተመልሰዋል።

ልሳነወርቅ ጎርምሶ ድምፁ ሲወፍር የኔታ ወደሚያወጡት ከፍታ መውጣት አቃተው። የኔታም «ግድ የለም፣ አንተ እዚያው ታች ሆነህ ተከተል» አሉት። እሱ ከታች ሲከተል ሌሎቹ ጆሯቸው ለመደው። ወደ እርሻ ከተመለሱ በኋላ አውድማ ላይ የበሬ መንጃውንና የደቦውን ዘፈን እንደዚያው ያወጡት ጀመር፤ ይባቤ ከላይ፣ ወንድማማቾቹ ከመካከል፣ ልሳነወርቅ ከታች። እያንዳንዱ ሌላ መንገድ ይሄዳል፣ ግን አንድ ቤት ይገባሉ። እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን ሰምተን አናውቅም ነበር። አያ ሞላ መጀመሪያ የጠየቃቸው «ከቤተ ክርስቲያኑ ዜማ ቀንጥሳችሁ የከተታችሁት አለ?» ብሎ ነው። «የለም» አሉ። አስምሎ አስገባቸው።

ስማቸውን ገበሬው ነው ያወጣላቸው፤ ሁለት ጥማድ ይላቸዋል። አራት በሬ ሁለት ጥማድ አይደል? የዚያን ጊዜው ኃላፊያችን «በሬ ነው የምንቀዳው?» ብሎ ሳቀ። ገብቶ ሲሰማቸው ደግሞ «አራት ሰው አራት ዘፈን ይዘፍናል እንዴ? ወይስ ተጣልተዋል?» አለ። አያ ሞላ ወደ ሽቦው ዞረ። መስማት ለማይፈልግ ሰው ትንፋሹን አያባክንም ነበር።

ሦስት ማይክራፎን ነበረን። እሱ የተከለው አንድ ብቻ ነው። «ሌሎቹንስ?» ስለው «ሦስት ጆሮ ያለው ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ከዚያ ከሰል አንሥቶ ወለሉ ላይ መሥመር አሠመረ። ይባቤን ወደ በሩ አራቀው። ወንድማማቾቹን ግራና ቀኝ አቆመ። ልሳነወርቅን ማይክራፎኑን ሊስም እስኪደርስ አስጠጋው። ዘፍነው ይሰማል፣ መሥመሩን በእግሩ ያጠፋል፣ ሌላ ያሠምራል። ይባቤን ጣራ አለው፣ ወንድማማቾቹን ማገር፣ ልሳነወርቅን ምሰሶ። «ምሰሶው ከተነቃነቀ ሁላችሁም ውጡልኝ!» ይል ነበር። አመሻሽ ላይ እኔን ጨምሮ ሁላችንም ግንባራችን ከሰል ሆኖ ቀረ። አራት ዘፈን ቀዳን። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ ያችን ቀን ብቻ ስጡኝ ብባል ይበቃኛል።

ከአራቱ አንዱ የደቦ ጥሪ ነው። ይባቤ ብቻውን ያወጣዋል፤

ገብሱ ደረሰና እጨዱኝ እያለ፣
ወንድሜን ጥሩልኝ ወዴት ነው የዋለ?

እዚህ ላይ ሁሉም ዝም ይላል። ይባቤ ወደ ልሳነወርቅ ዞሮ ይጠብቀዋል። ልሳነወርቅ አይቸኩልም፤ ትንፋሹን ከእግሩ ጥፍር የሚያመጣው ይመስል ነበር። አሁን ረሳው፣ አሁን ቀረ ስትሉ ከታች፣ ከመሬት ውስጥ፣ «መጣሁ… መጣሁ፣ ወንድሜ» ብሎ ይገባል። ያኔ ሌሎቹ ሁሉ በሱ ላይ ይቆማሉ። ኃላፊው ዝምታው ጋ ሲደርስ «ቴፑ ቆመ እኮ!» ብሎ ከወንበሩ ተነሥቷል። ካሴቱን ሊያባዛ የተስማማው ነጋዴም «ይቺን ባዶ ቦታ ቁረጧት፣ ገዢ ካሴቱ ተበላሸ ይለኛል» አለ። አያ ሞላ መቀሱን አንሥቶ ኪሱ ከተተው። ይባቤም «አያ፣ የሰው ልጅ ተጠርቶ እስኪመጣ ጊዜ አይሰጠውም?» ብሎ ሳቀ።

ነጋዴው ግን እውነቱን ነበር። የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ካሴቱን እየያዙ መጡ። «እትዬ፣ ይሄ ካሴት ዘፈን በዘፈን ላይ ይደርባል፤ ቀይሩልን» ይላሉ። አንዱ ሽማግሌማ ከእብናት ድረስ መጥቶ «ከታች የሚያጉረመርመውን ሰውዬ አስወጡልኝ» ብሎ ተቆጣኝ። አስቀምጬ ዘፈኑን ከመጀመሪያው አሰማሁት። «መጣሁ» ሲል ሽማግሌው ዱላውን መሬት ላይ ተከለና «አሃ! ደቦ ነው ለካ!» አለ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! የወገዳው አውቶቡስ፣ የእስቴው የጭነት መኪና፣ ገበያው፣ ሠርጉ፣ ሁሉ ሁለት ጥማድ ሆነ። የአጨዳ ጎረምሳ አራት አራት እየሆነ ቆመ። ከታች የሚከተል ወፍራም ድምፅ ያለው ልጅ ተፈላጊ ሆነ።

እንዲህ እያለ ሳለ ልሳነወርቅ ታመመ። የሰውነቱን መቅለጥ ያየ ሰው አይነሣም ብሎ ነበር። ጠበል ገብቶ ዳነ፣ ስለቱንም አልካደም፤ ከዳነ ወዲያ ቤቱን አልተመለሰም፤ መነኮሰ። መነኩሴ ሲመነኩስ እንደ ሬሳ ተገንዞ ፍትሐት ይደረግለታል። ለዓለም ሞቷል ማለት ነው። እናቱ በሕይወት እያለ አለቀሰችለት፣ ስሙም አባ ገብረ ሕይወት ተባለ። ይባቤ በዚያ ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሞ ነበር አሉ።

ዓመት ሳይሞላ አባ ቆቡን ደፍቶ፣ መቋሚያውን ይዞ ቢሯችን መጣ። አያ ሞላ ከመቀመጫው ተነሥቶ መስቀሉን ተሳለመ።

«አባ፣ ምን እንታዘዝ?»

«የሞተ ሰው ድምፅ ገበያ ላይ ሲጮህ ሰማሁ» አለ። «ወደ ንስሐ አባቴ ስሄድ በአውቶቡስ ውስጥ የራሴ ድምፅ ተቀበለኝ። እባካችሁ፣ አጥፉልኝ።»

«የርስዎን ለይቼ ማጥፋት አልችልም» አለ አያ ሞላ። «በአንድ ማይክራፎን ነው የገባችሁት። የርስዎን ላውጣ ብል የይባቤም፣ የልጆቹም አብሮ ይወጣል።»

«እንግዲያስ ሁሉንም አጥፋ።»

«ይባቤ አልሞተ፣ አባ! የሱን ድምፅ በምን ዕዳው?»

አባ ፊቱን ሸፈነ። ማልቀሱን ያወቅሁት ትከሻው ሲነቃነቅ ነው። አያ ሞላ «ይደር» አለ። አደረ። በማግስቱ ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሄደ።

ሽማግሌዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ሥር ተቀመጡ። ይባቤ ከስማዳ ተጠርቶ መጣ። «እኔ ሌላ አልዘፍንም፤ ያለ ምሰሶ ቤት አልሠራም። ያለውን ግን አታጥፉብኝ፤ የተወለደችልኝ ልጅ አድጋ ትሰማዋለች» አለ። አባ ደግሞ «ነፍሴን አታስይዙኝ» አለ። ሁለቱ በቆሎ ተማሪነት አንድ ትራስ ላይ ያደሩ ጓደኞች እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው እንዴት ቻለው! በመጨረሻ ንስሐ አባትየው ፍርዱን በግዝት አሰሩት። ካሴት ያለው ሰው ሁሉ ያጥፋ። እናት ክሩ፣ ካሴቱ ሁሉ የተባዛበትና ቢሮ ያለው፣ አይጥፋ። ግን አባ ገብረ ሕይወት በሥጋ እስካለ ድረስ ክሩ አይዙር፤ ያዞረ የተወገዘ ይሁን።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝብ ተነገረ። የኛ ሰው ዳኛን ይከራከራል እንጂ ግዝትን አይከራከርም። ካሴቱን አንዱ እሳት ውስጥ ጣለው፣ ሌላው ሌላ ዘፈን ቀዳበት። ክረምቱ ሳይወጣ ከዚያ ሁሉ ካሴት አንድ የቀረ አላየሁም። አያ ሞላ እናት ክሩን በቆርቆሮ ሳጥን ቆልፎ ቁልፉን ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሰረው።

እዚህ ላይ ነው እኔና እሱ የተጣላነው። ከሬዲዮ ሰዎች መጥተው ቅጂ ስጡን ሲሉ አባረራቸው። እሺ፣ እነሱን ያባርር። እኔ ግን «ለራሳችን አንድ ቅጂ እናስቀምጥ፤ ክር እኮ ይሞታል» አልኩት።

«ቅጂ እንዲወጣ ክሩ መዞር አለበት» አለኝ።

«ማንም አያይ!»

«እኔስ?»

ቆይቼ ደግሞ «ግዝቱ የሰው ነው፣ አያ» አልኩት። «ሥራውም የሰው ነው» አለኝ። በየዓመቱ ሳጥኑን ይከፍትና ክሩን ያሸተዋል። ክር ሊበላሽ ሲል ሆምጣጤ ይሸታል። «ደህና ነው» ይላል፤ ይቆልፋል። አንድ ሰው የገዛ እጁን ሥራ እያሸተተ ሲኖር ማየት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ ብል አልችልም። አያ ሞላን እንደ አባቴ እወደዋለሁ። በዚህ ግን ዛሬም አልታረቅኩትም።

ይባቤ ሞተ። ሳል ነው የጀመረው፤ ክረምት ስለነበር ከወገዳ መንገዱ ተቆርጦ ሐኪም ሳያየው ሞተ። ልጁ ትርንጎ አድጋ ልብስ ስፌት ከያዘች በኋላ አንድ ቀን ቢሯችን መጣች። ቁመቷም ሳቋም የአባቷ ነው።

«እትዬ፣ የአባቴ ድምፅ እናንተ ዘንድ አለ አሉኝ።»

«አለ።»

«አንዴ ብቻ አሰሙኝ። መልኩን አላስታውሰው፣ ፎቶም አልተነሣ። ድምፁን እንኳ ልወቀው።»

ግዝቱን ነገርኳት። አያ ሞላ ጥግ ላይ ሆኖ ጀርባውን ሰጥቶን ነበር። ትርንጎ ሰምታ ሰምታ «ታዲያ አባ እንዲሞቱ ልጸልይ?» አለች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለችና «ዕድሜ ይስጣቸው» ብላ ወጣች። አያ ሞላ ያን ቀን ለማሽኑ አንድ ሳይል ለራሱ ብቻ ደጋገመ።

እሱም ብዙ አልቆየ። ሲያጣጥር ቁልፉን ከአንገቱ ፈትቶ ሰጠኝ። «ትርንጎን ምን ልበላት?» አልኩት። አየኝ፣ አየኝና «ይደር» አለኝ። የመጨረሻ ቃሉ ነው አልልም፣ ከዚያ በኋላ ውሃ ጠይቋል። ለኔ የሰጠኝ ቃል ግን እሱ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው የኃላፊ ታሪክ ነው። አንዱ ይሄዳል፣ ሌላው ይመጣል፤ አልሸሹም ዞር አሉ። አንዱ ባናውን ከግድግዳው አስነቅሎ ቢሮ አደረገው። ሌላው ለስብሰባ መቅጃ አዲስ ክር የለም ብሎ የድሮውን ሊነጥቀኝ መጣ፤ እሱን እንኳ በጩኸት መለስኩት። በመጨረሻ እኔን ደብረ ታቦር አዛወሩኝ። ንብረት ሳስረክብ ሳጥኑንና ቁልፉን በሰው ፊት «ይሄ ግዝት አለበት፤ አይከፈት» ብዬ አስረከብኩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እዚያ ደብረ ታቦር ሥራዬ የሰው ወረቀት ማገላበጥ ነበር፤ ስለሱ የምለው የለኝም። ንፋስ መውጫ የተመለስኩት የጡረታ ወረቀቴን ልጨርስ ነው። የሆነውን ያወቅሁትም ያን ዕለት በጋቢው ሥር ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ።

«እትዬ፣ ትናንት ምን አስከፋዎት?» አለኝ።

«ክሩን ማን አዞረው?»

«እናመሰግናለን ይላሉ ስል! አዳንነው እኮ! ሊበላሽ የደረሰ ነገር ነው ወደ ኮምፒውተር የገለበጥነው።»

«ግዝት አለበት ብዬ አስረክቤ አልነበር?»

«እኔ አልነበርኩም፣ እትዬ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ደግሞ በዚህ ዘመን…» አለና ፊቴን ሲያይ ተወው።

ልጁን አስጠራልኝ፣ ያንን ኮምፒውተር የሚያዘውን። ትሑት ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም፤ ክፋት ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር። «ልሳነወርቅ የት ሄደ?» አልኩት። ማን እንደሆነ አላወቀም። «ከታች ያለው ድምፅ!» ስለው ፊቱ በራ።

«እሱን የማሽን ጉርምርምታ መስሎኝ አጸዳሁት፤ በጣም ነው ያስቸገረኝ፣ ሁሉም ውስጥ ገብቶ ነበር! የቀረችዋን በኦርጋን ሸፈንኳት። መካከል ላይ ደግሞ ቴፑ የተበላሸበት ባዶ ቦታ አለ፤ እዚያ ከበሮ አስገባሁበት።»

«ያልጸዳውስ?»

«ቦታ ያዘብኝና አጠፋሁት። የጸዳው ካለ ምን ያደርጋል ብዬ…»

«ክሩስ?»

ክሩን ዘበኛው ከተጣለው ዕቃ ጋር ወስዶታል። ዘበኛው የስማዳ ቆላ ሰው ነው። አላመንኩም፤ እርሻው ድረስ ሄጄ አየሁት። ማሽላው ላይ፣ ከእንጨት እንጨት፣ ለወፍ ማባረሪያ ተወጥሯል። ነፋስ ሲመታው ያፏጫል፣ ወፍ ይሸሻል። የዘበኛው ወንድም «እትዬ፣ ይሄ ወፍራሙ ክር ከካሴቱ ይሻላል፤ አይበጠስም» ብሎ አመሰገነኝ። ምን ልበለው? ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። ፀሐይና ዝናብ የላጠው ክር ምንም አይናገርም። እዚያ እርሻ ዳር ተቀምጬ ከአንጀቴ አለቀስኩ። አባን ረገምኩ። አያ ሞላንም ረገምኩ፣ ነፍሱን ይማር።

ከዚያ ወገዳ ወጣሁ፣ ወደ ትርንጎ ቤት። ይባስ ብላ ደጃፍ ላይ ሮጣ አቀፈችኝ። ስልኳ ላይ አላት! ከቢሮ ለበዓል በትነውት ሰው ለሰው ሲላላክ ደርሷታል። «እትዬ፣ አባቴ! አባቴ እኮ ነው!» እያለች ታሰማኛለች። መኪናዋን እየረገጠች ስትሰፋ ቀኑን ሙሉ እሱን ነው የምትሰማው። ምን ብዬ ልንገራት? ጣራው አለ፣ ቤቱ የለም ልበላት? ደስታዋን እንዴት ልንጠቃት? ዋጥ አደረግሁትና «አባ ዘንድ እንሂድ» አልኳት።

ለምን እንዳልኩ አውቃለሁ። ይሄንን በአባ ፊት ላይ መጣል ፈልጌ ነው። ነፍሴን አታስይዙኝ ያለው ሰው፣ ሰው ሁሉ የጠበቀለት ሰው፣ የተመኘው እንደተፈጸመ በጆሮው ይስማ ብዬ ነው።

አባ ገብረ ሕይወትን ቤተ ልሔም አጠገብ ጎጆው ደጃፍ ላይ፣ ጠዋት፣ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘነው። አርጅቷል። ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። መስቀሉን ተሳለምን። ድምፄን ለይቶ በክርስትና ስሜ ጠራኝ።

«ወለተ ማርያም፣ አንቺ ነሽ? አንዷስ ማን ናት?»

«የይባቤ ልጅ ናት፣ አባ።»

እጁን ዘረጋና ፊቷን ዳሰሰ። ብዙ ቆየ። እኔ ግን ልቤ አልራራም።

«ደስ ይበልዎት» አልኩት። «ድምፅዎ ወጥቷል። ከይባቤ ድምፅ ለይተው አውጥተውታል። ክሩም የለም። ስለዚህ ግዝቱም የሚይዘው ነገር የለውም፤ ቢሰሙት ኃጢአት አይሆንብዎትም።»

«አይቻልም ብሎኝ ነበር ሞላ» አለ።

«ዘንድሮ ይቻላል።»

ትርንጎ ፈቃድ ትጠብቃለች፤ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛለች። አባ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ከፈተችው። ኦርጋኑ ጀመረ፣ ከበሮው ጀመረ። አባ ግራ ተጋብቶ አንገቱን አዞረ። ከዚያ ይባቤ መጣ፣ ያ ቀጭን ድምፅ፤ «ወንድሜን ጥሩልኝ ወዴት ነው የዋለ?»

ከበሮው ድም ድም ይላል። ኦርጋኑ ይሄዳል። ይባቤ የለም። የአባ ደረት ቀስ ብሎ ሲሞላ አየሁት፣ ያ እንደ ድሮው ከእግር ጥፍር የሚመጣ ትንፋሽ። አፉ ግን አልተከፈተም። መቋሚያውን በሁለት እጁ ጨበጠ፣ ትንፋሹም እንደገባ በአፍንጫው ወጣ። ያኔ ልቤ ተሰበረ፤ የያዝኩት ቂም ሁሉ እጄ ላይ ቀረ።

ትርንጎ ዘፈኑን ስንት ጊዜ ሰምታዋለች፣ ይህ ነገር ግን ሁልጊዜ ይከነክናታል።

«አባ፣ እርስዎ ያውቁ እንደሆነ» አለች። «እዚህ ቦታ ላይ አባቴ ምን ሆኖ ነው ዝም የሚለው?»

አባ ፊቱን ወደ ስልኩ እንዳዞረ ነው።

«እኔን እየጠበቀ ነው፣ ልጄ» አላት።